በንጉሡ ግቢ የጠፋብኝ ወረቀት

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ለአንድ ቀን ጉብኝት ወሰደን። የምንሄደው ከጆሃንስበርግ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ወደሚያስኬድ የድሮ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ነበር። የታሪክ አስተማሪያችን ስለ ቤቱና ንጉሡ ራሱ አስተክሎታል ስለሚባለው አትክልት ቦታ ከወር በፊት ጀምራ ስታወራልን ስለከረመች ቀኑን በጉጉት ነበር የምጠብቀው።

አባቴ ግን ነገሩን አልወደደውም። ከከተማው ወጣ ባለው በቮስሎሩስ ሰፈር ሱቅ ነበረው። ዕቃ ለማምጣት የጅምላ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ጀፕስታውን ሲመላለስ ፖሊስ እያስቆመ ወረቀት ስለሚጠይቀው ከከተማ መውጣት ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በአራት ዓመቴ ነው። የስደተኛ ወረቀቴን ለማሳደስ ከአባቴ ጋር ሦስት ቀን ተሰልፈናል፤ ሁለቱን ቀን ተራ ሳይደርሰን ተመልሰን በሦስተኛው ነው ያገኘነው። በጉዞው ዋዜማ ዋናውን ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ ሰጠኝ። ኮፒው ይበቃኛል ብለውም አልሰማኝም።

«መንገድ ላይ ኮፒ አይቀበሉሽም። ይሄ ከገላሽ እንዳይለይ» አለኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ፖሊሱ አልነበረም። ለክፍል ጓደኞቼ እዚሁ ነው የተወለድኩት ብያቸው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ልጅ በሰው ፊት ስትጠይቀኝ ደንግጬ ያልኩት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣሁለት። የትምህርት ቤቱ ፀሐፊ የታደሰ ወረቀቴን እንዳመጣ በጠራችኝ ቁጥር እንኳ ለጓደኞቼ ሌላ ምክንያት እፈጥር ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ወረቀቱን አጥፌ የሱሪዬ የኋላ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ሹራቤን ወደ ታች ሳብኩበት።

መንገድ ላይ ማንም አላስቆመንም። ግቢው በር ላይ የተቀበለን አስጎብኚ ሸምገል ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። እዚህ ግቢ ወንድ በባርኔጣ፣ ሴትም በሱሪ አይገቡም አለና ሱሪ ለለበስነው ሴቶች ከትልቅ ቅርጫት ውስጥ ጨርቅ እያወጣ እንድናገለድም ሰጠን። እኔም አገለደምኩ። ስቀመጥ ወረቀቱ እንዳይጨማደድ ብዬ ከኪሴ አወጣሁትና ወገቤ ላይ በጨርቁ እጥፋት መሀል ሸጎጥኩት።

ቤቱን ወደድኩት። የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ሚስዮናዊ ለንጉሡ የሰጠው ፒያኖ ነበር፤ አስጎብኚው እንደነገረን በንጉሡ ዘመን የተጫወተበት ሰው ስላልነበረ የንግሥቲቱ ድመት ነበረች የምትተኛበት። አትክልቱ ቦታ ደግሞ ሎሚና ሮማን በረድፍ የተተከሉበት፣ በመሀሉ ውሃ በድንጋይ ቦይ የሚወርድበት ነው። ንጉሡ የመጀመሪያዎቹን የሎሚ ችግኞች ያገኘው ሁለት በሬ ሰጥቶ ነው ሲለን የክፍሉ ልጆች ሳቁ። ለሎሚ ሁለት በሬ።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ጨርቆቹን መልሰን ከበሩ ውጭ ዛፍ ሥር ምሳ ለመብላት ተቀመጥን። ሳንድዊቼን እንደያዝኩ እጄን ወገቤ ላይ ሰደድኩ። ምንም የለም። ኪሴን ፈተሽኩ፣ ቦርሳዬን ሣሩ ላይ ዘረገፍኩ። የአባቴ ፊት መጣብኝ። ተነሥቼ መሬት መሬቱን እያየሁ ወደ በሩ ስመለስ የቅርብ ጓደኛዬ ተከተለችኝና ምን ጠፋሽ አለችኝ።

«የጆሮ ጌጤ» አልኳት።

አየችኝ። «ሁለቱም ጆሮሽ ላይ ናቸው» አለች።

ያኔ አለቀስኩ። ወረቀት ነው፣ የስደተኛ ወረቀት፣ እዚህ አይደለም የተወለድኩት አልኳት፤ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«እናውቃለን እኮ» አለችኝ። «ፀሐፊዋ በር ላይ ቆማ በየጊዜው ስትጠይቅሽ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። ማውራት የማትፈልጊ ስለመሰለን ነው ዝም ያልነው። አሁን መጨረሻ ያየሽው የት ነው?»

ጨርቁ ውስጥ መሸጎጤ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ወደ ቅርጫቱ ሮጥን፤ ባዶ ነው። ከእኛ ቀጥሎ የገባ የሌላ ትምህርት ቤት ቡድን ጨርቆቹን አገልድሞ አትክልቱ ቦታ ደርሷል። አስተማሪያችን ከሁኔታችን አንድ ነገር እንዳለ ገብቷት መጣችና ነገርኳት። የምን ወረቀት፣ ለምን አልነገርሽኝም አላለችም፤ እጄን ይዛ በቀጥታ ወደ አስጎብኚው ወሰደችኝ።

ሰውዬው ገለጻውን አቋርጦ ለልጆቹ በቋንቋቸው ነገራቸው። ልጆቹ ከእኛ በጣም ያንሳሉ። ሴቶቹ ሎሚዎቹ መሀል ቆመው ጨርቃቸውን ይፈቱና ያራግፉ ጀመር። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጨርቅ ተራገፈ፤ ምንም አልወደቀም። የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ የአስጎብኚውን እጅጌ ጎትታ አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱም ተረጎመልን። ጨርቁን ስታገለድም የሆነ ፕላስቲክ ወድቆ ነበርና አትክልት ለምታጠጣው ሴትዮ ሰጥታታለች።

ሴትዮዋ ከአትክልቱ ጥግ ላይ ነበረች። ውሃ እንዳይነካው ብላ ወረቀቱን ግንቡ ላይ አስቀምጣ ድንጋይ ጭናበታለች። ድንጋዩን አነሣችና ፎቶውን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«እዚህ ላይ ተቆጥተሻል» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ተሰልፌ የተነሣሁት ፎቶ ነው አልኳት። ሳቀች፤ እኔም እንባዬን ሳልጠርግ አብሬያት ሳቅሁ። ወረቀቱን ተቀብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ጥርሷ የወለቀውን ልጅ አቀፍኳት። ለምን እንዳቀፍኳት የገባት አልመሰለኝም።

ስንመለስ ወረቀቱን አስተማሪያችን በራሷ ቦርሳ ያዘችልኝ። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ ሲከነክናት የቆየውን ሁሉ ጠየቀችኝ። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት? እናትና አባቴ እርስ በርስ በሀዲይኛ፣ ከአገራችን ልጆች ጎረቤቶች ጋር በአማርኛ፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ ጨምሬ ሦስቱንም እየቀላቀልኩ አልኳት። ከዚያ ስሜን በትክክል እንዴት እንደሚጠሩት ጠየቀችኝ። አራት ዓመት ሙሉ አጣምመው ሲጠሩኝ አርሜያቸው አላውቅም ነበር። አሁን ቀስ ብዬ ነገርኳት። ከኋላችን የነበሩትም ሰምተው ይሞክሩ ጀመር። መሀሉ ላይ ያለው ጠበቅ ብሎ የሚነገር ድምፅ አስቸገራቸው፤ አንዱ ትን እስኪለው ደገመው። ከተማዋ ስትታየን ከልጆቹ ሦስቱ ስሜን በትክክል ይጠሩት ነበር።