ቡሬ ላይ የወጣልን ተዝካር

አባቴ እሑድ እሑድ ቡና የሚጭንባትን መኪና አስጠርጎ እናቴንና እኔን ከመቱ ያወጣን ነበር። አንዴ ጎሬ፣ አንዴ ኖፓ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ የሶር ፏፏቴ። ከግሪክ አገር ከመጣን ገና ዓመት ቢሆነን ነው፤ ሁሉም ነገር ይገርመን ነበር። እናቴን በተለይ ደኑ። "እዚህ ዛፍ ላይ ዛፍ ይበቅላል" ብላ ለእህቷ ስትጽፍ አይቻለሁ። በጋምቤላ መንገድ ያለችውን ቡሬን ግን አባቴ አንድም ቀን አላሳየንም። እናቴ ስትጠይቀው "መንገዱ ጭቃ ነው" ይላል። በበጋ ስትጠይቀውም ያው ጭቃ ነው።

አባቴ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ እኔ ገና ጥርስ አላበቀልኩም ነበር። ከዚያ ጣሊያን ገባ፣ ከዚያ ዓለም በሙሉ ተዋጋ፣ ደብዳቤም ጠፋ። ንጉሡ ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው "ኑ" የሚል ወረቀት የደረሰን። መቱ ስገባ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጎረቤት ልጆች ጋር ስሯሯጥ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሳላውቀው ለመድኩት። እናቴ ግን ከ"እሺ" እና ከ"ስንት ነው" አላለፈችም። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ምላሷ እኔ ነበርኩ።

አባቴ ለሥራ አዲስ አበባ በሄደበት አንድ ቅዳሜ እናቴ ሾፌሩን አስጠራችው።

"ቡሬ ይውሰደን በይው" አለችኝ።

ሾፌሩ የመቱ ሰው ነው፣ ጋሼ ነበር የምለው። ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። "ማዳም፣ ሙሴ ሳይፈቅዱ..." ሲል፣ አባቴን ማለቱ ነው፣ እሷ ጋቢና ገብታ ተቀምጣለች።

መንገዱ ጭቃ አልነበረም። ደረቅ፣ ደልዳላ መንገድ ነበር።

ቡሬ ገበያው ሞልቶ ደረስን። በዝንጅብልና በማር መሐል ስናልፍ አንዲት ማር ሻጭ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

"ኢንተላ ኮ!" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "የት ጠፍተሽ ነው? ይህን ልብስ ደግሞ ማን ገዛልሽ? እናትሽስ አልመጣችም?"

ብቻዋን ሳቅ ብላ ከነሰፈፉ ማር ቆርሳ በቅጠል ሰጠችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችው፤ ደግማ አየችው።

"አንቺ እሷ አይደለሽም።"

"ማን?"

"የሙሴ ልጅ።"

"የሙሴ ልጅማ እኔ ነኝ" አልኳት።

በእጇ አፏን ያዘች። ሾፌሩ ከኋላችን "ማዳም፣ ዝናብ ሳይመጣ እንመለስ" ይላል፤ ሰማዩ ላይ ግን አንድ ደመና የለም። እናቴ ማር ሻጯ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። እያስተረጎምኩ መዋሸት አልለመድኩም ነበር፤ አንድም ቃል ሳልቀንስ ነገርኳት።

"የልጅቷን ቤት ታሳየን" አለች።

ቤቱ ከገበያው ብዙ አይርቅም፤ በቡና ተክል የተከበበ፣ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ደጁ ላይ አንዲት ልጅ ቡና ታሰጣለች። ከእኔ ሁለት ዓመት ብታንስ ነው። ቀና ስትል አገጯን አየሁት፤ መሐሉ ስንጥቅ ያለው፣ የአባቴ አገጭ፣ የእኔም አገጭ። እሷም እጇ ቡናው ላይ እንዳለ ቀረ።

እናቷ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ወጣች። ረጅም፣ የደስደስ ያላት ሴት ነች። በአማርኛ "ይግቡ እትዬ፣ ቤት ለእንግዳ" ካለች በኋላ ነው እኔን ያየችኝ። መቃኑን ያዘች።

"ይህች የማን ልጅ ናት?"

"የሙሴ ልጅ ነኝ። እሷ ደግሞ እናቴ ናት።"

"የለም" አለች፣ እንደሚያርም ሰው በለሆሳስ። "የሱ ሚስት ሞታለች። ልጁም ሞታለች።"

እናቴ ክንዴን ነካችኝ። "ምን አለች?"

"ሞተናል አለች።"

ሴትዮዋ መደቡ ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ አማተበች። ከዚያ ነገሩን እያቆራረጠች ነገረችን። አባቴን ወባ ጥሎት ከጋምቤላ በቃሬዛ ሲያመጡት ያስታመመችው እሷ ናት። ሲሻለው ሚስቱና ሕፃን ልጁ አገሩ ላይ በበሽታ እንዳለቁ ነገራት። አባቷም አዝነውለት ዳሯት። ወደ መቱ የሄደው ለቡና ንግድ ብቻ ይመስላት ነበር፤ በየወሩ ይመጣላታል።

"ተዝካራችሁን አውጥቻለሁ እኮ!" ብላ ድንገት ጮኸች፤ ያታለልናት እኛ የሆንን ያህል። "ድግስ ደግሼ ሰው አብልቻለሁ። ቄሶቹ ስማችሁን ጠርተው ጸልየዋል። የክርስትና ስምሽ ማነው?"

ነገርኳት።

"እሱን ነው" አለች። "እሱኑ ነው ያስጠራሁት።"

በሕይወት እያለሁ ነፍስ ይማር ተብሎልኝ ነበር። ይህን በግሪክኛ ለእናቴ ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ ተዝካር ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"አልቅሳልን ነበር ወይ በያት።"

"እንዴት አላለቅስ?" አለች ሴትዮዋ። "ሕፃን ናት ብሎኝ!"

እናቴ ተነሣች። ልትመታት መስሎኝ መሐላቸው ገባሁ። እሷ ግን የሴትዮዋን ሁለት እጆች ይዛ፣ ባላት አማርኛ፣ "እሺ... እሺ... እሺ" አለቻት። ሌላ ቃል አልነበራትም።

አባቴ በሳምንቱ ተመለሰ። እናቴ ምሳ አቀረበች፤ አንድ ሳህን ብቻ።

"እናንተስ?" አለ።

"ሙታን ምሳ አይበሉም።"

የቆረሰውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠው። ፊቱ አመድ ሆነ። አልካደም፤ ጠረጴዛው ላይ እጁን ዘርግቶ ተቀመጠ፣ ወጡም በረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዘኑ ውስጥ አልጋ ተዘረጋለት። እናቴ ወደ አገሯ አልተመለሰችም፤ የምትመለስበት መንደር በጦርነቱ ተቃጥሏል። ግን አንድ ነገር አዘዘች፤ ልጅቷ መቱ መጥታ ትማር አለች።

የቡሬዋ እናት ብዙ አመነታች። በመጨረሻ በበቅሎ ራሷ አመጣቻት። ደጃችን ላይ ቆማ፣ "ለትምህርት ነው የሰጠኋት፣ ለልጅነት አይደለም በያት" አለችኝ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። በስምንተኛው ቀን፣ "የእውነት ሞተሽ ነበር?" አለችኝ።

ካደግሁ በኋላ አባቴን አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ የቡና ጆንያ ይሰፋ ነበር።

"ደብዳቤ ሲጠፋ ሞታችኋል ብዬ አመንኩ" አለኝ።

"ደብዳቤው የጠፋው ግን ለቡሬዋ ሞተዋል ካልካት በኋላ ነው፤ እህቴ ስትወለድ ገና ትጽፍልን ነበር" አልኩት።

መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ተነሣና ወደ ውስጥ ገባ።