ባዶዋ ቱቦ

ጠብታ ያልናት እኛ የቤተ ሙከራው ሰዎች ነን። ለዓይን የማትሞላ ጠብታ ሳትስት የምትለካ እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ብልቃጥ አጣቢ ነኝ። መስኮት በሌለው ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስለሠራሁ፣ ስለ እሷ ከእኔ በላይ ማንም አያወራም፤ ቢያወራም አልሰማም።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ከምንጭ ዳር ጭቃ ይመጣላታል። ጭቃው ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ሰብራ ዲኤንኤያቸውን ታወጣለች፣ ታባዛለች፣ ከዚያ ማሽኑ ያነበዋል። እዚያ ጭቃ ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ በዝርዝር ይወጣል። በየዙሩ ታዲያ ውሃ ብቻ ያለባት አንዲት ቱቦ አብራ ታልፋለች። እኛ "ባዶዋ" ነው የምንላት። ከባዶዋ ምንም መውጣት የለበትም። ከወጣ የተገኘው ነገር ከጭቃው ሳይሆን ከእኛው ቤት ነው ማለት ነው።

ባሏና ልጇ ሌላ ከተማ ናቸው። ዝውውር ከጠየቀች አራት ዓመት ሆኗታል። አለቃችን ዶክተሩ ግን "ይሄ ጥናት ይታተምና እፈርምልሻለሁ" እያለ ያቆያታል። ልጅቷ በስልክ "እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?" ስትላት "ዶክተሩ ሲፈርምልኝ" ትላታለች። ውይ፣ አንጀቴን ትበላው ነበር!

አንድ ቀን ከጭቃው ዝርዝር ውስጥ ማንም የማያውቃት ባክቴሪያ ወጣች። ዶክተሩ ጮቤ ረገጠ። ጠብታ ግን ማጠቢያው ድረስ መጥታ በሹክሹክታ፣

"ባዶዋም ውስጥ አለች" አለችኝ።

"ማን?"

"አዲሷ ባክቴሪያ! ከእኛው የውሃ ጠርሙስ የመጣች ናት እኮ።"

"በይ ሂጂና ንገሪው።"

"ብነግረው ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሌላ ሁለት ዓመት! ልጄ መልኬን ትርሳው?"

ምን ልበላት? "ዝም አይነቅዝም" አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። የባዶዋን ውጤት ሳታስገባ አስረከበችው።

ጥናቱ ታተመ፤ ተጨበጨበ። ጠብታ ሻንጣዋን ሸከፈች። ግን ሦስት ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ከዚያው ምንጭ ጭቃ ወስደው ያቺን ባክቴሪያ ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጧት። አጥተውም ዝም አላሉ፣ "የለችም" ብለው ጻፉ።

የዝውውር ወረቀቷን ይዛ ዶክተሩ ቢሮ ስትገባ እዚያው ብልቃጥ እየሰበሰብኩ ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱን ሳያነበው መለሰላት።

"እንዴት ብዬ ልልቀቅሽ? ባክቴሪያዋ የምትገኘው በአንቺ እጅ ብቻ ነው! ደግመሽ ደጋግመሽ እስክታሳዪአቸው ድረስ የትም አትሄጂም" አላት።

እውነቱን ልታወጣው ነው ብዬ ጠበቅኩ። ብትናገር አጭበርባሪ ናት፣ ባትናገር ጭቃው ውስጥ የሌለችውን ስትፈልግ እዚያው ናት። ወረቀቱን አጣጥፋ "እሺ" አለች። እኔም ተናጋሪዋ፣ ብልቃጤን ይዤ ወጣሁ።

በነጋታው ለባሏ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ።

"ለልጅቷ፣ እናትሽን አትጠብቂያት በላት" አለችው።