ዋጃ አጠገብ ቦኖ የዘጋሁበት ቀን

ዛሬ ጠዋት ዋጃ አጠገብ ባለች መንደር፣ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው እንደተሰለፉ የመንደሩን የውሃ ቦኖ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

የቦኖው ውሃ በሚመጣበት ጉድጓድ ላይ እኛ የውሃ ባለሙያዎች የተከልነው የጥራት መለኪያ ሴንሰር ውሃው መበከሉን በስልኬ ነግሮኛል። ሌሊት ጎርፍ ሳይገባበት አልቀረም። ለዓይን ግን ኩልል ያለ ነው።

«ማሽንህ ቀምሶ ነው የሚያውቀው?» አለኝ አንድ ጎልማሳ። ቢቀምስልኝማ እኔን ምን አደከመኝ አልኩ በሆዴ!

ሳስረዳ ጉሮሮዬ ደረቀ። የሚሰማኝ አልነበረም።

በመጨረሻ እማማ ዘሃራ የሚባሉ አሮጊት ከሰልፉ ወጡ።

«በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ወደ ቆቦ ስንሰደድ መንገድ ዳር ኩሬ አገኘን። እናቴ ታናሽ ወንድሜን በእፍኟ አጠጣችው። ረሃቡን ችሎት ነበር ልጄ፣ የገደለው ውሃው ነው። እናቴም ‹ገዳዩ እኔ ነኝ› እንዳለች ሞተች። ያኔ ‹አትጠጡ› የሚለን ሰው አልነበረም።»

ይህን ብለው፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት በአንዱ ጀሪካን ቀድተውት የነበረውን ውሃ መሬት ላይ ደፉት። ቀድመው የቀዱት ሌሎቹም ቀስ በቀስ ደፉ። ጎልማሳው ግን ጀሪካኑን ተሸክሞ ሄደ። «አፍልታችሁ ጠጡት!» ብዬ ከኋላው ከመጮህ በቀር ምን አደርጋለሁ?

ደውዬ የጠራሁት የውሃ ቦቴ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እማማ ዘሃራ ተራቸው ሲደርስ በጣሳ ቀድተው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ።

«አንተም እኮ ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣህም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ረስቼው ነበር።

የተጠማን ሰው «አትጠጣ» ማለት ደርሶባችሁ ያውቃል? እንዴት አድርጋችሁ አሳመናችሁት? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ቦኖው ነገም ዝግ ነው።