በሁለተኛው ሆርን የሳቁት አድማጮች

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ቶሮንቶ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከልጄና ከአጎቴ ከጋሽ ይማም ጋር እኖራለሁ። ጋሽ ይማም ሐረር በወታደር ባንድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሁለተኛ ሆርን የሚባለውን የናስ መለከት ነፍተዋል። እዚህ ግን ይህን የሚያውቅላቸው አልነበረም፤ ሊፍት ውስጥ የሚያያቸው ሁሉ እንደ ሥራ ፈት ሽማግሌ ቆጥሮ ነው የሚያልፋቸው። አንድ ቀን ላይብረሪ ሰሌዳ ላይ ያየሁትን ማስታወቂያ ገልብጬ አመጣሁላቸው። በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኢቶቢኮ ውስጥ ያለ የሙዚቃ አድማጮች ክበብ ስለ አንድ የድሮ የእንግሊዝ አቀናባሪ ሊወያይ ነው። የሰውየውን ስም ሳነብላቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የሱን ማርሽ እኮ ነፍቼዋለሁ! ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

የተጓዝነው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት

ጋሼ ክራቫት አሰሩ፣ ጫማቸውን ሁለቴ ወለወሉ። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ድልድዩን ሲያቋርጥ ሸለቆው በጥቅምት ቅጠል ቀልቷል። እሳቸው አላዩትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉልበታቸውን በጣት ይመታሉ። ከመጨረሻው ጣቢያ ወርደን አውቶቡስ ያዝን። መጋዘን፣ የመኪና ማቆሚያ፣ እንደገና መጋዘን፤ ሰው እንኳ በእግሩ አይሄድበትም።

ስምንት ሰዓት

የአንድ አዳራሽ ምድር ቤት ነው። ሠላሳ ያህል ሽበታም ሰዎች ሻይ በወተት ይጠጣሉ፣ ብስኩት ያዞራሉ። አንዷ፣ ሙዚቃው የእናቷን የአትክልት ቦታ እንደሚያስታውሳት አወራች። ሌላው፣ ደረቱን የነፋ ጉረኛ ሙዚቃ ነው አለ። ከዚያ ሰብሳቢው፣ «ከእንግሊዝ ልጆች በቀር ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? የኛው ነው» አለ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

«ዘይነብ፣ በይ ተርጉሚልኝ!» ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

የሰውየውን ማርሽ ሐረር ውስጥ እንደነፉት ተረጎምኩ። ሰብሳቢው ሕፃን እንደሚያባብል ፈገግ አለ። «ምናልባት ሌላ ማርሽ ይሆናል። እስቲ ያዚሙልን።»

ጋሼ ቆሙ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። «ም-ፓ፣ ም-ፓ፣ ም-ፓ-ፓ...»

ሁለተኛ ሆርን ዜማ አይነፋም። ዜማው የትራምፔቱ ነው፤ ሆርኑ ከሥር ሆኖ ምቱን ይሞላል። ጋሼ ሃያ ሁለት ዓመት የነፉትን ነው ያዜሙት፤ በልባቸው ያለው እሱ ነው።

አዳራሹ ሳቀ። «ይሄማ ባቡር ነው!» አለ አንዱ፤ እንደገና ሳቁ።

እኔ ነደድኩ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «ከሥር ያለው ነው! ሪከርዱን አጫውቱትና ስሙ!» ብዬ ጮኽኩ። የማርሹ ሸክላ እኮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው! ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና፣ ጊዜ የለንም ብሎ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፈ።

መመለሻ

«ሳቁብዎት እኮ፣ ጋሼ!»

«ጆሮ አለኝ፤ ሰማሁ። አንቺ ደግሞ ስትጮሂ ምቱን አጠፋሽብኝ።»

«ጭራሽ እኔን ይቆጡኛል?»

«ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ዜማውን ነው ይዞ የሚሄደው። ከሥር ካልነፋ የሥሩን ከየት ያውቀዋል?»

እሳቸው እንዲህ ይበሉ እንጂ እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰማነው የሚሉት ሰዎች ግማሹን አልሰሙትም፤ ሲነገራቸውም መስማት አልፈለጉም። «የኛ ነው» ማለት ቀላል ነው። ከዚያ መንገድ ያተረፍኩት ትምህርት ይኼ ነው፤ እሱም ቢሆን እያንገበገበኝ።

ቤት ስንደርስ ልጄ በሩን ከፍታ፣ «ሃው ዋዝ ኢት?» አለች።

«ፋይን» አሉ ጋሼ፤ ክራቫታቸውን እየፈቱ።

በሚቀጥለው ወር የሁለተኛውን ሆርን ኖታ ከትውስታቸው አውጥተው በሁለት ገጽ ጻፉት። ብቻቸውን ኢቶቢኮ ሄደው ለሰብሳቢው ሰጡት። ሰብሳቢው ኖታ ማንበብ እንደማይችል በእጁ እያመለከተ ነገራቸው። ጋሼ ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ አውቶቡስ ይዘው ወደ ቤት መጡ።