ጋሽ ሰይድ የጻፉት «ሰ»

ባለፈው እሑድ አማርኛ በመማር ላይ ያለችው ልጄ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን ቤዝመንት ማግኔት የተለጠፈበት የዛገ የብረት ሳህን ይዛ ወጣች። አንዱ ማግኔት ላይ የደበዘዘ ፊደል አይታ «ዳዲ፣ ይሄ ‹ሰ› ነው አይደል? ሰ ፎር ሳውዝ?» አለችኝ። ፊቴ ጋለ።

ኮሌጅ ሳለሁ ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ሞተር በእጄ ልሠራ ተነሣሁ። ማግኔት የተለጠፈባቸው ሁለት ሳህኖች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ንድፉ የኔ ነበር። ጥቅሉን የሠሩልኝ ግን ጋሽ ሰይድ ናቸው። ደሴ የሞተር ሽቦ ሲጠቀልሉ ኖረው፣ ወደዚህ አገር ከመጡ ወዲህ እዚሁ አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቁ ነበር። አስተማሪዬ ሥራቸውን ከወደደው በኮሌጁ ወርክሾፕ ሊያስቀጥራቸው ቃል ገባ። አቤት ደስታቸው! ቅጠል በሚረግፍበት ወራት በየሳምንቱ በልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ ዞሬ ስደርስ በሳንቡሳና በዝንጅብል ሻይ ይቀበሉኝ ነበር።

አንዱን ሳህን እኔ፣ ሌላውን እሳቸው ሠራን። የአንዱ ሰሜን ከሌላው ደቡብ ጋር መግጠም ስላለበት፣ ማግኔቶቻቸው ላይ «ሰ» እና «ደ» ብለው ጻፉ። ሞተሩ ኮሌጅ በሚታይበት ቀን ጠዋት የአማርኛው ፊደል በፈረንጅ ፊት አሳፈረኝ። ፈለጉ ጨርሶ ባይጠፋም ጠራርጌ በእንግሊዝኛ ተካሁት፤ በጥድፊያም «ሰ»ን በድምፁ ወስጄ ኤስ፣ «ደ»ን ደግሞ ኤን አደረግኩት። ሰሜኑ ደቡብ ሆኖ አረፈው። ሳገጣጥማቸው ሳህኖቹ መሳሳብ ሲገባቸው ተገፋፉ። በብሎን አስገድጄ አሰርኳቸው።

ጋሽ ሰይድ ከረባት አስረው መጡ።

«ሲገጥሙ ተሳሳቡ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ሞተሩ አጉረመረመ እንጂ አልዞረም። አስተማሪው ሲያየኝ በእንግሊዝኛ «ጥቅሉን የሠሩት እሳቸው ናቸው» አልኩት። ጋሽ ሰይድ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ከረባታቸውን ላላ አድርገው «ልክ ነው፣ እጄ ረስቶታል» አሉ። የወርክሾፑ ሥራም በዚያው ቀረ።

በሳምንቱ በኮምፓስ ስፈትሽ ስህተቱ የኔ መሆኑን አወቅኩ። አልነገርኳቸውም። ሳህኑን ልጥለውም አልቻልኩ፤ ቤት በቀየርኩ ቁጥር ይዤው ዞርኩ። በየዒዱ ስደውል «ኢንጂነሩ! ያኔ ጉድ ሠራሁህ እኮ» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከሁሉ የማፍረው በዚያ ሳቅ ነው።

ልጄ መልስ ትጠብቃለች።

«አይደለም፣ ሰሜን ነው» አልኳት። «ትክክል ነበሩ።»

«ሁ? ማን?» አለችኝ።

ስማቸውን ልጠራ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ይህን መጀመሪያ መስማት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።