የጉንፋን ዘበኛ

ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጋሽ ከፍዝቅ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን በሱ የሚጠራው ደመወዝ ሲፈርም ብቻ ነው። ሥራው አሮጌ ሊፍት ማንቀሳቀስ ነው። ሊፍቱ ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ካልያዘው ሁለት ፎቅ መካከል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ከፍዝቅ ጠዋት ይገባል፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ይወጣል። መስኮት የሚባል ነገር የለም። ማራገቢያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ አስተዳዳሪው ግን ለጠየቀው ሁሉ “ይሠራል” ይላል።

ዝናብ በገባ ቁጥር ያ ሣጥን የጉንፋን መናኸሪያ ነው። አንዱ አፍንጫውን እየጠረገ ይገባል። ሌላዋ መዳፏ ላይ ታስነጥስና በዚያው መዳፍ የፎቅ ቁጥር ልትጫን እጇን ትዘረጋለች። “ይተዉት፣ እኔ አለሁ!” ብሎ ይቀድማታል፤ የሚጫነውም በጣቱ ሳይሆን በእርሳስ ቂጥ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በሩ እስኪከፈት ትንፋሹን ይይዛል። ሰባተኛ ፎቅ የሚወጣ ሲያጋጥመውማ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። ኩሩ ነው የሚሉት አሉ፣ ነክቶታል የሚሉትም አሉ። ይበሉ! የሰው ጣጣ የማያውቅ ሰው ለመሳቅ ማን ይቀድመዋል።

ጣጣው ያለው ቤት ነው። ባለፈው ዓመት ከሱ የተጋባባት ተራ ጉንፋን ሚስቱን ሳንባዋ ድረስ ወርዶ ኦክስጅን ላይ አስተኝቷት ነበር። ሐኪሙ ሲያስወጣት “ለሌላው ሰው ጉንፋን ነው፤ ለሷ ግን እንዳይመስልህ። ይኼ ሳንባ ሁለተኛ አይችልም” አለው። ያቺ ቃል ልቡ ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመርፌዋ የሚፈጥን፣ ሠፈሩን ስታስቅ የምትውል ሴት። እሷን ያጣ እንደሆነ የቀረው ዕድሜ በርጩማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘበኛ ሆነ። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ደጅ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈትጋል። ሳህኗንና ብርጭቆዋን ለየ። ደንበኞቿን “ጨርቃችሁን በር ላይ አስቀምጣችሁ ሂዱ” እያለ መለሰ። እስከዚህ ደግ፤ ነገሩ የተበላሸው መስኮቱ ላይ ነው። ከፍዝቅ እንደ አባቱ፣ እንደ አያቱም፣ ጉንፋን ማለት በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ ብርድ ነው ብሎ ያምናል። እናም የመኝታ ቤቱን መስኮት ጠርቅሞ ዙሪያውን በሷው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየጎሰጎሰ ደፈነው።

“አንተ ሰውዬ፣ ገና አልሞትኩም እኮ!” አለችው።

“ንፋስ ይመታሻል።”

“ንፋሱስ ባልመታኝ። የመታኸኝ አንተ ነህ!”

ሳቀ። መስኮቱን ግን አልከፈተም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ጠዋት ጉሮሮውን ከርክሮት ተነሳ፤ ምሳ ሰዓት ላይ አፍንጫው እንደ ቧንቧ ይወርድ ጀመር። አስተዳዳሪው ዘንድ ገባ።

“ጌታዬ፣ ጉንፋን ይዞኛል። ሊፍቱ ውስጥ ሰው ላይ እንዳላጋባ፣ እኔንም ቶሎ እንዲለቀኝ፣ ጥቂት ቀን ልረፍ።”

“ጋሼ፣ በጉንፋን ፈቃድ ከተሰጠማ ሕንፃው ወና መቅረቱ ነው። እኔም ይኸው…” አለና ጠረጴዛው ላይ አስነጠሰ። “ደግሞ ያንን ሊፍት ከእርስዎ በቀር ማን ይችለዋል?”

ስንት ዓመት የኮራበት ነገር እዚያው በርጩማ ላይ አሠረው። ማስክ አደረገና ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፤ በማስኩ ውስጥ እየሳለ፣ ስልክ ሲመጣበት ብቻ ወደ አገጩ ዝቅ እያደረገው።

ቤት ደግሞ ሌላ ማደሪያ የለውም። ሳሎን አነጠፈና የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ። ምግቧን በር ላይ አስቀምጦ ያንኳኳና ይሸሻል። እሷ ልትወጣ ስትል እሱ ደጅ ይቆማል፤ ብርድ ላይ፣ ጉንፋኑን ይዞ። ያ በር በፈቃዱ የሚገረበበው አመሻሽ ላይ ብቻ ነበር። የሷ ስልክ ከተሰበረ ወዲህ ሩቅ ያለችው ልጃቸው የምትደውለው በሱ ስልክ ስለሆነ፣ በክፍተቱ እጁን አሾልኮ ያቀብላታል። ከዚያ ሳሎን ተቀምጦ ሳቋን ያዳምጣል። ሳቁ ከቀን ወደ ቀን እያጠረ ሲሄድ አኩርፋኝ ነው ብሎ ዝም አለ።

አንድ አመሻሽ ስልኩ በክፍተቱ ከተመለሰለት በኋላ ልጅቱ እንደገና ደወለች።

“አባዬ፣ እማዬ እኮ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ቃል ተናግራ ታርፋለች። አላየሃትም እንዴ?”

አላያትም። በር ሲጠብቅ ሚስቱን አላያትም። እየሮጠ ጎረቤት ያለችውን ነርስ ጠራ።

ሲስተር ገና ከመግባቷ “ኡፍ! ጋሼ፣ እዚህ ቤት እንዴት ይተነፈሳል?” ብላ ጨርቁን ከመስኮቱ ነቃቅላ ጣለችና በረገደችው። የበሽተኛዋን ደረት አዳመጠች፣ ግንባሯን ዳሰሰች። ከፍዝቅ ደፍ ላይ እንደቆመ ነው።

“ትኩሳት አላት። ደረቷም አላማረኝም። አሁኑኑ ሐኪም ይያት፤ ገና አልረፈደም። አንድ ሁለት ቀን ብታቆዩት ግን…” አለችና ተወችው።

“በየት ገባ?” አለ ከፍዝቅ። “ሳህን ለየሁ፣ ኮት ሰቀልኩ፣ ንፋስ ከለከልኩ…”

“ንፋስ አይደለም ጋሼ፤ ጉንፋን የሚጋባው ከሰው ነው። አየር የሌለው ቤት ደግሞ ይብሳል። እርስዎ ይዘው የዋሉት ነገር ወደ እሷ አልገባም?”

ስልኩ እጁ ውስጥ ነበር። ሁሉም አዩት። ቀን ቀን በተደወለ ቁጥር ማስኩን ዝቅ አድርጎ የሳለበትን ነገር፣ ማታ ማታ በገዛ እጁ አፏ ድረስ ሲያደርስ ከርሟል። ነርሷ ከእጁ ተቀብላ በአልኮል ጠረገችውና ታክሲ ልትጠራበት ወጣች።

ማስኩን አስተካክሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቷ አንሷል።

“መቼ ጀመረሽ?”

“ከትናንት በስቲያ።”

“ስትስዪ አልሰማሁም እኮ!”

“ትራስ ውስጥ ነዋ የምስለው።”

“ለምን? ባልሽ አይደለሁም? እንዴት አትነግሪኝም?”

ትንፋሿን ሰብስባ አየችው። “ብነግርህ ያቺን ስልክ የምታቀብልባትን ክፍተትም ትዘጋብኛለህ ብዬ።”

ጉንፋንን የጠበቀ መስሎት እሷን እንደ እስረኛ ሲጠብቅ፣ መታመሟን እንኳ ከሱ እስክትደብቅ አድርሷት ነበር። አፈረ፤ እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። በመስኮቱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይገባል። ታክሲው ደጅ ደርሶ ጥሩምባ ነፋ። ሹራቧን ሲያለብሳት ማስነጠስ መጣባትና በልማድ ፊቷን ወደ ትራሱ መለሰች።

“ተይው ትራሱን፣ የኔ እመቤት” አላትና መሐረቡን አቀበላት።

ቤቱን የሚያናጋ ማስነጠስ አስነጠሰች።

“ይማርሽ።”

“ያኑርህ” አለችው፣ ክንዱን ይዛ እየተነሳች።