የመንትዮቹ ጫማ

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ተመድቤ ሳስተምር ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ነገር ምን እንደነበር የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ የልጆቼ ጫማ ነው እለዋለሁ። ስብሰባውም ሰልፉም የስኳር ወረፋውም የዚያን ያህል አላደከመኝም።

ልጆቹ መንታ ሴቶች ናቸው። መልካቸው አንድ ነው፤ ጎረቤት ቀርቶ እኔም አንዳንዴ እሳሳት ነበር። የሚለዩት በእግራቸው ነው። ቀድማ የተወለደችው በቀኟ ትዘላለች፣ ተከታይዋ ግራኝ ስለሆነች በግራዋ። ሁለቱም ከእንቅልፍ ከተነሡ ጀምሮ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ደጃችን ላይ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ውኃ ሲላኩ መንገድ ላይ። በአንድ እግር እየዘለሉ በጫማቸው ጫፍ ጠጠር ሲገፉ ነው የሚውሉት። የላሊበላ መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ጫማን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

መጀመሪያ ከወልድያ ሸራ ጫማ አስመጣሁላቸው። ብዙም ሳይቆይ የአንዷ ቀኝ፣ የሌላዋ ግራ ጫማ ጣት አወጣ። ሚስቴ የተረፉትን አንድ ቀኝና አንድ ግራ አጋጥማ አየቻቸው፤ እንደ አዲስ ናቸው። አንዳችሁ አድርጉት አለቻቸው። ሁለቱም እምቢ አሉ። አንዷ ጫማ አድርጋ ሌላዋ በባዶ እግሯ ከዘለለች ጨዋታው ትክክል አይሆንም ነው ምክንያታቸው። ደህናው ጫማ ተቀምጦ ሁለቱም በባዶ እግራቸው ትምህርት ቤት ሄዱ። አባታቸው አስተማሪ ነውና ባልደረቦቼ እንዴት እንዳዩኝ መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ ኮንጎ ገዛሁ። ኮንጎ ላስቲክ ስለሆነ አያልቅም ተብሎ ነበር። ጠዋት በላስታ ብርድ ድርቅ ብሎ ተረከዛቸውን ይልጣል፣ ቀትር ላይ ደግሞ እግራቸውን ይቀቅላል። ሲሰነጠቅ ሚስቴ ቢላዋ እሳት ውስጥ አግላ፣ ከአሮጌ ኮንጎ ቁራሽ እያቀለጠች ትደፍነው ነበር። በመጨረሻ ድፍኑ ከጫማው በለጠ።

አንድ ቀን ኅብረት ሱቅ ጫማ መጣ ተባለ። ተሰለፍኩ፤ ዕጣ ወጣ፤ ደረሰኝ። ካርቶኑን ስከፍተው ለእኔ እንኳ የሚሰፋ የወንድ ጫማ ነው። የልጅ የለም ወይ ብዬ ባለሱቁን ጠየቅሁት። የመጣው በዕቅድ እንጂ በእግር ልክ አይደለም አለኝ። ጫማውን አማቼ ወሰዱት። አማቼ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ በታች ነው። ጫፉ ላይ የበግ ጠጉር ጠቅጥቀው ለረጅም ጊዜ አደረጉት።

በዚያው ዓመት በበልግ ዝናብ አንድ የጭነት መኪና ከተማ ውስጥ ተያዘ። እህል አራግፎ ሊመለስ ሲል ወንዙ ሞላበት፣ መንገዱም ተበላሸ። ሾፌሩ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ስለሆንኩ ቤቴ እየመጣ ይመገብ ጀመር። ልጆቼ መኪናው ከቆመ ወዲህ ጨዋታ ቀይረዋል። ጎማውን ረግጠው ጋቢናው ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ ይዘላሉ። ሾፌሩ አልተቆጣቸውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ደረጃችን ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ጫማ አይደለም፤ ጎማ ነው» አለኝ።

ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ መኪናው ዞረን አየን። መኪናው ላይ፣ መንገድ ላይ የፈነዳ አሮጌ ጎማ ተጭኖ ነበር። ሾፌሩ ተነሥቶ ሄደና ጎማውን እያንከባለለ ደጄ ላይ አምጥቶ ጣለው።

የጎማ ጫማ አዲስ ነገር አይደለም፤ በረባሶ የማያውቅ የለም። ትምህርት ቤታችን ግን የተሸፈነ ጫማ ነው የሚፈልገው፤ በዚያ ላይ ልጆቼ በበረባሶ ቢዘሉ ጫማው ብቻውን ነበር የሚሄደው። ከሥር ጎማ፣ ከላይ ቆዳ የሆነ ጫማ የሚሠራ ሰው መገኘት አለበት። ከተማው ውስጥ ቆዳና ወስፌ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱም የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚጠፍር ነው። ጎማውን ተሸክሜ ሄድኩ።

ከበሮ ሠሪው በዕድሜው ጫማ ሠርቶ አያውቅም፤ አልደበቀኝምም። ጎማውን አገላብጦ አየና ይኼንን የሚቆርጥ ቢላዋ የለኝም አለ። ቢላዋውን ከሾፌሩ ለመንን። የልጆቹን እግር መሬት ላይ አስቁሞ በከሰል ዙሪያውን ጻፈው። የሁለቱንም የመጀመሪያ ጫማ ከከበሮ በተረፈ ባልለፋ ቆዳ ሰፋው። ልጆቹ አድርገውት ሲሄዱ ድም ድም ይላል፤ ዝናብ ሲያገኘው ሰፍቶ ከእግራቸው ወጣ፣ ምድጃ ዳር ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ጫማ አከለ። መልሼ ወሰድኩለት። እሱም ማፈሩን ትቶ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛውን በለፋ የበሬ ቆዳ፣ በቀጭን ጠፍር ሰፋው፤ ውስጡንም በሚስቴ አሮጌ ጋቢ ቁራጭ ለበጠው። ሾፌሩ ወንዙ ጎድሎለት ሲሄድ ልጆቹ አዲሱን ጫማ አድርገው እየሮጡ ሸኙት።

ጫማው ከባድ ነበር። ነገር ግን አላለቀም። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ፤ ጠጠሩ እንጂ ጫማው አልተነካም። እኛ ያላሰብነው ነገር ግን ነበረ። ከበሮ ሠሪው የጎማውን ጥርስ እንዳለ ትቶታል። ልጆቹ እርጥብ መሬት ላይ በሄዱ ቁጥር የመኪና ዱካ ይቀራል።

ይህንን መጀመሪያ ያወቁት አማቼ ናቸው። አንድ ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ ፊታቸው ተለዋውጦ ቤታችን ገቡ። ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ጭቃው ላይ የመኪና ጎማ ዱካ አይተዋል። የዚያ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ በድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለ መተላለፊያ ነው፤ በቅሎ እንኳ አይገባበትም። ከመንግሥት የመጣ ሰው አለ ወይ፣ ምን ዓይነት መኪናስ ነው በዚያ የገባው ብለው ጠየቁኝ። ሚስቴ ሳትመልስላቸው የአንዷን ልጅ እግር ከመደብ ላይ አነሣችና አሳየቻቸው።

አማቼ ሶሉን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይኼማ ደኅና ነው፤ ከእንግዲህ እነዚህ ልጆች የትም አይጠፉብንም» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ተልከው የት እንደዋሉ እናውቅ ነበር። ከበሮ ሠሪው የአንዷን ሶል በቁሙ፣ የሌላዋን በአግድሙ ስለቆረጠው ዱካቸው እንኳ ይለያል።

አንድ ቅዳሜ ግን ከቁርስ በኋላ ወጥተው እስከ ምሳ አልተመለሱም። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ለስላሳ ነው። ሚስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ዱካቸውን ይዘን ወጣን። ዱካው በገበያው በኩል አልፎ፣ ከከተማው ወጥቶ፣ ቁልቁል ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ሚስቴ ቆመችና መሬቱን አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ የሚታየው የአንዷ ቀኝ ብቻ፣ የሌላዋ ግራ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ እግር እየዘለሉ ወርደውታል። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ይህን ሳይ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለ። እሷ ግን ንዴቷ ባሰ፤ ከቁጥቋጦ አርጩሜ ቆረጠች።

ዱካው የቆመው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ማረፊያው ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን የሚመጣው መሬቱ ሲደርቅ ብቻ ነው። ከሩቅ አየናቸው። መካከሉ ላይ፣ እኔ በሕይወቴ ያላየሁት ትልቅ ሰኞ ማክሰኞ አስምረው ይዘላሉ። ዳሩን በእግር ብትሄድበት እንኳ ያደክማል። ሸምገል ያሉ የሜዳው ዘበኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

እጅ ነሥቼ ልጆቹ የእኔ እንደሆኑ ነገርኳቸው፣ ሥራቸውን ስላስተጓጎሉም ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ከብት እንዳይገባ ጠብቅ ነው የተባልኩት፤ ስለ ልጅ የነገረኝ የለም» አሉኝ። ቀጥለውም አውሮፕላኑ በዝናቡ ምክንያት እንደማይመጣ፣ ልጆቹም ሊያዩት መጥተው ሲያጡት እንዳዘኑ፣ ሜዳውን ሲያዩ ግን ሐዘኑን እንደረሱት ነገሩኝ።

ልጆቹ አርጩሜውን አይተው ቆመዋል። ታናሿ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ መሬቱ አያልቅም» አለችኝ።

እውነት ነው፤ እኛ ሰፈር ሳጥኑን አስምረው ሳይጨርሱ ወይ አለት ወይ ገደል ይመጣል። እነዚህ ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ ዘንበል ያለ መሬት ላይ ነው የዘለሉት። ወደ ሚስቴ ዞርኩ። እሷ ሜዳውን ታያለች። የላስታ ልጅ ናት፤ እሷም በልጅነቷ የዘለለችው እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። አርጩሜውን አስያዘችኝ፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። በቀኟ ጀመረች። ጠጠሩን አንዱንም መስመር ሳታስነካ እስከ ጫፍ ወሰደችው፣ ዞራም መለሰችው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ዘበኛው ቆሎውን አስቀምጠው አጨበጨቡላት። ስትመለስ ትንፋሽ አጥሯት፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ከሠርጋችን ቀን በላይ ቆንጆ ነበረች።

ከዚያ ሁላችንም ተጫወትን። እኔ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ወደቅሁ። ዘበኛው ጉልበቴን ያመኛል ብለው ጠጠር ብቻ ወረወሩ። ዳገቱን ስንመለስ ልጆቹ ጫማው ከብዷቸው እጃችንን ይዘው ይጎተቱ ነበር፤ ጀንበር ስትጠልቅ ቤት ገባን።

ነገሩ በከተማው ሲወራ ሌሎች አስተማሪዎችም ወላጆችም ከበሮ ሠሪውን ይፈልጉት ጀመር። እኔንም ሾፌሮች አወቁኝ፤ መኪና በመጣ ቁጥር አሮጌ ጎማ እለምናለሁ። ነገር ግን ሥራው ስለበዛ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሳይጠፈር ቆየ። አማቼ ሄደው አንድ ጠዋት አነጋገሩት። ሳይቆጡ፣ ለእግር የሚሠራውም የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ጥምቀት ግን በጫማ አይዘመርም አሉት። ጠዋት ጠዋት ለከበሮ፣ ከሰዓት በኋላ ለጫማ ተብሎ ስምምነት ተደረገ።

በሚቀጥለው ዓመት የልጆቼ እግር አድጎ ጫማው አልገባ አላቸው። ሶሉ እንደተሠራ ነው። ሚስቴ ጠፍሩን በቅቤ አሽታ ብልባላ ላለችው እህቷ ልጆች ላከችላቸው። እነሱም አድርገው፣ እግራቸው ሲያድግ ለጎረቤት ሰጡት። ከዚያ በኋላ ወደ ማን እንደሄደ አላውቅም፤ አልቆ ያየው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።